የ45 ቀን ዶሮ ሁዳዴን አያውቅም

ለግብርና ሚኒስቴር
ግልባጭ፦ ለሥራና ክህሎት ሚኒስቴር
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ ስለሚገነቡት የዶሮና የሥጋ ፋብሪካዎች ከአንድ ቢላዋ ያዥ የቀረበ ጥያቄ

ክቡራን፤

ሰባት ዓመት ሙሉ የአሳማ ወርች ስቆርጥ አንድም ቀን ቀምሼው አላውቅም። ቦታው አሜሪካ መሀል ያለች አንዲት የበቆሎ አገር ከተማ ነው፤ የፋብሪካው ስም ለዚህ ደብዳቤ አያስፈልግም። የማታ ሺፍት ነበርኩ። በግራዬ የቆመው የጅማ ልጅ ሙስሊም ነው፤ እሱም አይበላም። በቀኜ ጾሟን የማትገድፍ የአስመራ ልጅ አለች። ሥጋውን ወደ አፋቸው የማያስጠጉ ሰዎች ተሰልፈው የአሜሪካንን ቁርስ ያሰናዳሉ። በብሬክ ሰዓት ይህን እያነሳን እንስቅ ነበር። እዚያ ቤት ሌላ የሚያስቅ ነገር ብዙ አልነበረም።

ከሥራው ከወጣሁ ቆየሁ። የቀኝ እጄ ሦስት ጣቶች ዛሬም ጠዋት ጠዋት ይደነዝዛሉ። ሐኪሙ ነርቩ አንጓህ ላይ ታንቋል ብሎ ኦፕራሲዮን አደረገኝ፤ ትንሽ ተሻለኝ። ይህን የማነሳው እንድታዝኑልኝ አይደለም። ያ ደመወዝ እናቴን አሳክሟል፣ ሁለት ወንድሞቼን አስተምሯል፤ እኔንም የቤት ባለቤት አድርጎኛል። ቤቱን የሚረግም፣ እንጀራውን ግን የሚያመሰግን ሰው ነው የሚጽፍላችሁ።

ብዕር ያስነሳኝ ግን የአሳማው ነገር አይደለም፤ የዶሮው ነው።

ከሁለት ዓመት በፊት ሁዳዴ ሲገባ አገር ቤት ነበርኩ። ቢሾፍቱ ዶሮ የሚያረባ የአክስት ልጅ አለኝ፤ እሱ ዘንድ ሁለት ሳምንት ከረምኩ። ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ግድግዳው ከወገብ በላይ ሽቦ፣ ወለሉ ሰጋቱራ የሆነ ረጅም ቤት ውስጥ ሁለት ሺህ የሥጋ ዶሮ አለው። በመጀመሪያው ቀን ይዞኝ ሲገባ 38ኛ ቀናቸው ነበር። ዶሮ ሰው ሲገባበት ይበረግጋል ብዬ በሩ ላይ ቆም አልኩ። አንዳቸውም አልተነሱም። ደረታቸው እግራቸውን ቀድሞ አድጓል። መኖ ዕቃው ሥር ተዘርፍጠው አንገታቸውን ብቻ እያንቀሳቀሱ ይበላሉ። አንዷን አንስቶ አስታቀፈኝ። ከሁለት ኪሎ በላይ ትሆናለች፤ ድምጿ ግን ገና የጫጩት ነው። እንደ እናት ዶሮ የከበደች ነገር እጄ ላይ ሆና "ጭው ጭው" አለችኝ። ያ ድምፅ እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ አለ።

ለአክስቴ ልጅ ጭንቁ ሌላ ነበር። የአንድ ቀን ጫጩት የሚገኘው በወረፋ ነው። "ደረሰህ" ሲሉት የሄደው ጥምቀት አልፎ ነው፤ 45ኛው ቀን ጾም ላይ ወደቀ። ልኳንዳው ዘግቷል፣ ሆቴሉ በየዓይነት ያቀርባል፣ ነጋዴው ደውሎ የሚጠራው ዋጋ የመኖውን እንኳ አይመልስም። ሁለት ሺህ ዶሮ በዚያ ዕድሜ በቀን ወደ አራት ኩንታል መኖ ይጨርሳል። በየማለዳው የፊኒሸር መኖ ጆንያ ሲፈታ እያየሁ፣ ለምን እስከ ፋሲካ አታቆያቸውም አልኩት፤ የገጠር ልጅ ጥያቄ ነው።

"እነዚህ እኮ አይጠብቁም" አለኝ።

በ50ኛው ቀን ገደማ እግራቸው ከሥራቸው መታጠፍ ጀመረ። አንዳንዶቹ በክንፋቸው እየተደገፉ ወደ ውኃው ይሳባሉ። በየጠዋቱ የሞቱትን በባልዲ እናወጣለን። በመጨረሻ በተገኘው ዋጋ ሰጣቸውና ብድሩን ይዞ ቀረ።

ክቡራን፤ እንዳትሳሳቱኝ። የሌማት ትሩፋት መርሐ ግብር በኅዳር 2015 ዓ.ም. አርባ ምንጭ ላይ ሲጀመር በርቀት ደስ ካላቸው ሰዎች አንዱ ነኝ። በ2011 ዓ.ም. በአገራችን በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት 37 በመቶው የቀነጨሩ ነበሩ። ለእንዲህ ያለ አገር በየጓሮው አምስትና አሥር ዶሮ የሚያስገባ ሥራ የሚነቀፍ አይደለም፤ እንቁላል ያልበላ ልጅ ፊት ስለ ዶሮ መብት ማውራትም አያምርብኝም። የእኔ ነገር ከጓሮው ቀጥሎ ስለሚመጣው ነው፦ አሥር ሺህና መቶ ሺህ የሚይዘው ቤት፣ ከእሱ ቀጥሎ ደግሞ ባለ ሰንሰለቱ ማረጃ። ይህ መንገድ የት እንደሚያደርስ አውቀዋለሁ፤ መጨረሻው ላይ ቢላዋ ይዤ ቆሜያለሁ።

እናቴ ለገና ብላ ያሰረችው አውራ ዶሮ ለፋሲካ ቢተላለፍ ምንም አይሆንም። እንዲያውም ይወፍራል፤ እስከዚያው ጎረቤቱን ሁሉ በጩኸቱ ያነቃል። ገበሬው በሬውን ቅዳሜ ገበያ አውጥቶ ዋጋው ካልጣመው ማታ ይዞት ይመለሳል። ነጋዴው ይህን ያውቃል፤ ስለሚያውቅም ጨመር ያደርጋል። የገበሬው የድርድር ጉልበት የበሬው በእግሩ መመለስ መቻል ነው። እኛ "ምርታማ ያልሆነ" የምንለው ከብት አንድ ሙያ አለው፤ መጠበቅ ይችላል። የ45 ቀኑ ዶሮ ይህን ሙያ በዘር መረጣ የተነጠቀ እንስሳ ነው። እንስሳው መጠበቅ ሲያቅተው ደግሞ ከኋላው የተሰለፈው ሰው ሁሉ፣ አርቢው፣ ሹፌሩ፣ አራጁ፣ ቆራጩ፣ አብሮት መጠበቅ ያቅተዋል።

ይህን የተረዳሁት እዚያ ሰጋቱራ ላይ ቆሜ ነው። አሜሪካ ሳለሁ ጥድፊያውን የአለቆች ክፋት እያደረግኩ ነበር የማስበው። አሳማው በስድስት ወር ከ120 ኪሎ በላይ ይሆናል። ያ ቀን ሲደርስ ቤቱን መልቀቅ አለበት፤ የሚተኩት ግልገሎች ተወልደዋልና። ካሚዮኑ ተጭኗል። ወደ ፋብሪካው ግቢ የሚገባበት ሰዓት ተቆርጧል። ከዚህ በኩል ሥጋውን የሚረከበው ሱፐርማርኬት የራሱ ሰዓት አለው። በእነዚህ በሁለቱ መሀል ያለው የሚለጠጥ ነገር የእኛ እጅ ብቻ ነው። አለቃችን እንኳ አይቀመጥም፤ ሰዓቱን እያየ ሲሮጥ ነው የሚያመሸው።

ላይኑ፣ ተሰልፈን የምንቆርጥበት ተንቀሳቃሽ ቀበቶ፣ ምን እንደሚመስል ልንገራችሁ፤ በሪፖርት አይገኝም። ቅዝቃዜው የማቀዝቀዣ ነው። ከላይ ነጭ ካፖርት፣ በግራ እጅ የብረት ጓንት፣ ጆሮ ላይ መድፈኛ። ወርቹ በቀበቶ ላይ ተንሸራቶ ይመጣል። እኔ የምቆርጠው አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ ከመገጣጠሚያው በላይ ያለችውን አንዲት ጅማት። አንዱን ሳልጨርስ ሌላው ደርሷል። ቢላዋ ይደነዝዛል። የደነዘዘ ቢላዋ ጉልበት ይጠይቃል፣ ጉልበቱ አንጓን ይበላል፤ ስለዚህ በየመሀሉ በሞረዱ ላይ ሁለት ሦስት ጊዜ ማስኬድ አለብህ። ግን እሱን ስታደርግ ሁለት ወርች ያልፍሃል፤ ያለፈህን የጅማው ልጅ በራሱ ላይ ደርቦ ይቆርጥልሃል። እሱን ላለማስቸገር በደነዘዘው ትቀጥላለህ። እሱም ላንተ ብሎ እንዲሁ ያደርጋል። እጃችን የተበላሸው በመተሳሰብ ነው ብል ማን ያምነኛል?

ሽንት ቤት ለመሄድ እጅ ይነሳል። ተተኪ ሰው እስኪመጣ ይጠበቃል። አንዳንዴ ሳይመጣ ብሬክ ይደርሳል። ሴቶቹ ውኃ መጠጣት ትተው ነበር። ሁዳዴ እኔ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ስጾም ለነሱ ዓመቱን ሙሉ ጾም ነበር ማለት ነው።

ላይኑን የሚያቆም ቀይ ቁልፍ በየመካከሉ አለ። ሰው እጁ ካልተያዘ በስተቀር ማንም አይነካውም። በሰባት ዓመት ውስጥ ከሠራተኞች መሀል ሲጫን ያየሁት ሁለት ጊዜ ነው።

አንድ ሰሞን ሰው ጎድሎ ወደ ወዲያኛው ክፍል፣ እንስሳቱ በሕይወት ወደሚገቡበት፣ ለአራት ቀን ተልኬ ነበር። በጋዝ አፍዝዘው ነው የሚያርዷቸው። ጋዙ ውስጥ ሲወርዱ የሚያሰሙትን ጩኸት አልገልጽላችሁም። እዚያ የሚሠራ አንድ ጓቲማላዊ ሽማግሌ ነበር፤ ወደ በሩ ሲነዳቸው ያንሾካሹክላቸዋል። ምን እንደሚላቸው ጠይቄው "ይቅርታ ነው" አለኝ። በአምስተኛው ቀን ወደ ወርቼ ስመለስ ደስ አለኝ፤ ደስ ማለቴም አሳፈረኝ።

በልጅነቴ የማውቀው እርድ ቅርጫ ነው። ደብረ ብርሃን፣ የአባቴ ዕድር ሰዎች፣ የፋሲካ ሌሊት። በሬው ከሳምንት በፊት ተገዝቶ ግቢያችን ታስሯል፤ እኛ ልጆቹ ጭድ እየሰጠን ስም አውጥተንለታል። ስሙን ያወጣነው በሬ ሲታረድ ማልቀስ የተፈቀደ ነበር፤ ማንም አይቆጣም። ብልት አውጪው ጋሽ እገሌ ይባሉ፤ ቢላዋቸውን በድንጋይ ስለው፣ በአውራ ጣታቸው ሞክረው፣ ወግ ጨርሰው ነው የሚጀምሩት። በየመሀሉ ቆመው ጠጅ ይቀምሳሉ። ሻኛው፣ ታላቁና ታናሹ፣ ዳቢቱ፣ ፍሪምባው፣ ጎድኑ በየመደቡ ሲከፋፈል ዓይን ሁሉ እጃቸው ላይ ነው። ከዚያ ዕጣ። በሻኛ የተጣላ አለ፤ በየዓመቱ ይጣላሉ፣ በየዓመቱም አብረው ይገዛሉ።

ቅርጫ ንጹሕ ነበር አልልም። ሥጋው ኮባ ላይ ዝንብ እያረፈበት ነው፤ የበሬው አወዳደቅም ሁልጊዜ አያምርም። ወደዚያ እንመለስ ብሎ የሚጽፍ የናፈቀው ስደተኛ አታድርጉኝ፤ አዲስ አበባን በቅርጫ መቀለብ አይቻልም። ግን አንድ ነገር ልብ በሉ። ቢላዋ የያዘው ሰው ሲፈልግ ይቆም ነበር። ያንን የከለከለው አልነበረም።

አሁን መቆም ያልተቻለበትን ጊዜ ላንሳ። እኔ የሠራሁበት አይደለም፤ በአደባባይ የታወቀ ነገር ነው። ሳውዝ ዳኮታ፣ ሱ ፎልስ ከተማ፣ የስሚዝፊልድ የአሳማ ፋብሪካ፤ በዚያ ጊዜ 3,700 ያህል ሠራተኛ የነበረው፣ የአሜሪካን የአሳማ ሥጋ ከ4 እስከ 5 በመቶ ብቻውን ያወጣ የነበረ። መጋቢት 2020 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያው የኮቪድ ሕመምተኛ ተገኘ። ፋብሪካው አልቆመም። እስከ ሚያዝያ መጨረሻ ከሥራ ላልቀረ 500 ዶላር ጉርሻ ተባለ። የዘጋው ሚያዝያ አጋማሽ ላይ፣ የግዛቷ አስተዳዳሪና የከተማው ከንቲባ በደብዳቤ ከጠየቁት በኋላ ነው። የፌዴራሉ የሥራ ደኅንነት መሥሪያ ቤት በኋላ እንደቆጠረው ቢያንስ 1,294 ሠራተኞች ታመው አራቱ ሞተዋል። ቅጣቱ 13,494 ዶላር ነበር። በሰው ከ11 ዶላር ያንሳል። አሜሪካ ውስጥ በዚያ ገንዘብ ለአንድ ሰው ምሳ ቢገዛ ጉርሻ አይተርፍም።

የበሽታ መቆጣጠሪያው ማዕከል ሰዎች ፋብሪካውን ጎብኝተው በጻፉት ማስታወሻ፣ እዚያ ወደ 40 የሚጠጉ ቋንቋዎች እንደሚነገሩ ገልጸው ዋና ዋናዎቹን አሥሩን ዘርዝረዋል። ከእንግሊዝኛና ከስፓኒሽ ጋር ኩናማ አለ፣ ትግርኛ አለ፣ ኦሮምኛ አለ፣ አማርኛ አለ። ያን ዝርዝር ሳነብ እንባዬ መጣ፤ አገሬ ላይ አንድ ወረቀት ላይ ጎን ለጎን ለመጻፍ የምንቸገረውን ስም አሳማ ፋብሪካ አሰለፈው። እዚያው ማስታወሻ ላይ ሌላም አለ፦ ታመው ወደ ቤት ለሚላኩት የሚሰጠው የመረጃ ወረቀት በእንግሊዝኛ ብቻ ነበር።

ፋብሪካዎች ሲዘጉስ? አሳማው አይጠብቅማ። በአሜሪካ መሀል አገር የአሳማ ቤቶቹ ሞሉ፤ የሚያድገው አሳማ በየቀኑ ክብደት ይጨምራል። ገበሬዎች የሚሸጡበት አጥተው እንስሳቱን መግደል ጀመሩ። አንዳንድ ቦታ የአየር ማስገቢያውን ዘግተው፣ ሙቀቱን ከፍ አድርገው፣ ቤቱን ሙሉ በአንድ ሌሊት። ያ ሥጋ ለማንም ሆድ አልደረሰም። በዚያው በሚያዝያ 28 ፕሬዚዳንት ትራምፕ የሥጋ ፋብሪካዎች ሥራ እንዲቀጥሉ ትእዛዝ ፈረሙ። የአሜሪካ የተወካዮች ምክር ቤት ኮሚቴ በ2021 እ.ኤ.አ. ባወጣው ዘገባ፣ በአምስት ትልልቅ የሥጋ ኩባንያዎች ብቻ በአንድ ዓመት ወደ 59,000 ሠራተኞች እንደተያዙና ቢያንስ 269 እንደሞቱ ቆጥሯል።

"ያ ወረርሽኝ ነው፤ ልዩ ጊዜ ነው" ትሉ ይሆናል። ልዩ ጊዜ የሚያሳየው የዘወትሩን ነው። የወረርሽኙ ወራት ያሳዩን ሰንሰለቱ በሙሉ ማቆሚያ እንዳልተበጀለት ነው፤ እኔ በሰላሙም ጊዜ አላየሁትም።

ማቆሚያ ያልተበጀለት ለምን ይመስላችኋል? ነገሩ ሩቅ ነው። አፕተን ሲንክሌር የተባለ ደራሲ በ1906 እ.ኤ.አ. ስለ ቺካጎ ቄራ ሠራተኞች፣ ከሊትዌንያ ስለመጡ ስደተኞች፣ ልብ ወለድ ጻፈ። እሱ የፈለገው ሰው ለሠራተኛው እንዲያለቅስ ነበር። አንባቢው ግን የደነገጠው ለበላው ሥጋ ነው። በዚያው ዓመት ሰኔ የሥጋ ምርመራ ሕግ ወጣ፤ ሕጉም የበላተኛውን ሆድ ጠበቀ፤ የቆራጩን እጅ አልጠበቀም። ከመቶ ዓመት በላይ አልፎ ዛሬም የላይኑን ፍጥነት የሚወስነው የግብርናው መሥሪያ ቤት የሥጋ ምርመራ ክፍል ነው። ለአሳማ ማረጃ የነበረው ጣሪያ በሰዓት 1,106 ነበር። ቁጥሩ የወጣው መርማሪዎቹ ስንት አይተው መጨረስ ይችላሉ ተብሎ ነው፤ ሠራተኛው ስንት መቁረጥ ይችላል ተብሎ አይደለም። በ2019 እ.ኤ.አ. ይህንንም ጣሪያ ለአንዳንድ ፋብሪካዎች አነሡት። የሠራተኛ ማኅበሩ ከሰሰ። የሚኒሶታ የፌዴራል ፍርድ ቤት በመጋቢት 2021 እ.ኤ.አ. የፍጥነቱን ክፍል ሻረው፤ ምክንያቱም ፍጥነት ሠራተኛን እንደሚጎዳ የቀረበለትን አስተያየት መሥሪያ ቤቱ "የእኔ ሥልጣን አይደለም" ብሎ ገሸሽ አድርጎታል። ሕጉ ሲጻፍ እጃችን ስላልገባበት፣ ከመቶ ዓመት በኋላ የላይኑን ፍጥነት ሲወስን እጃችንን የሚያይ መሥሪያ ቤት ጠፋ።

የእኛስ? በ1962 ዓ.ም. የወጣው የሥጋ ምርመራ አዋጅ ከዚያው ዘር ነው። ሥጋውን ያያል። ማኅተሙ ሥጋው ላይ ያርፋል። ሞጆና ቢሾፍቱ ያሉት የኤክስፖርት ቄራዎች የበግና የፍየል ሥጋ አቀዝቅዘው በአውሮፕላን ወደ ኤምሬትስና ወደ ሳዑዲ ሲልኩ የእንስሳት ሐኪሙ እዚያ ቆሟል፤ ገዢው አገር ስለሚጠይቅ። የአራጁንና የገፋፊውን አንጓ የሚጠይቅ ገዢ የለም። በአውሮፕላኑ ሰዓትና በፍየሉ መሀል የቆመው ሰው በሰዓት ስንት እንዲያወርድ ይፈቀዳል? ለዶሮውስ? ባለ ሰንሰለቱ ማረጃ ሲስፋፋ ፍጥነቱን የሚወስነው ማነው? መሣሪያውን የሚሸጠው አገር ካታሎግ እንዳይሆን እፈራለሁ፤ ካታሎጉ ላይ የተጻፈው ማሽኑ የሚችለው ነውና።

የምጠይቀው ይህን ነው። ፈቃድ ከመሰጠቱ በፊት የማረጃ ሰንሰለት ፍጥነት ጣሪያ ይጻፍለት፤ ሲጻፍም በግብርና በኩል ብቻ ሳይሆን ከሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ጋር ይጻፍ፤ ግልባጩን ለእነሱ ያደረግኩት ለዚህ ነው። አንድ ሰው በሰዓት የሚቆርጠው ቁጥር ከሥጋው ጤና ጋር እኩል ይታይ። ቢላዋ ለመሳል የሚሰጠው ጊዜ ሳይቀር ይቆጠር፤ ያልተሳለ ቢላዋ ምን እንደሚያደርግ ነግሬአችኋለሁ። ቀይ ቁልፉን የጫነ ሰው እንዳይባረር በግልጽ ይጻፍ። ይህ ከእኔ የፈለቀ አዲስ ነገር አይደለም፤ ኢትዮጵያ በ1983 ዓ.ም. ያጸደቀችው የዓለም ሥራ ድርጅት 155ኛው ስምምነት በአንቀጽ 13፣ ሕይወቱን ወይም ጤናውን ከባድ አደጋ ላይ ከሚጥል ሁኔታ ራሱን ያወጣ ሠራተኛ ጉዳት እንዳይደርስበት ይላል። ፈርመናል። የቀረው በዶሮ ማረጃው ግድግዳ ላይ በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ ሠራተኛው በሚያነበው ቋንቋ መለጠፍ ነው።

ሌላው የአርቢው ነው። አሜሪካ ውስጥ የሥጋ ዶሮ የሚያረባው ገበሬ በአብዛኛው ዶሮው የእሱ አይደለም። ጫጩቱ የኩባንያው፣ መኖው የኩባንያው፣ መድኃኒቱ የኩባንያው ነው። የገበሬው ቤቱና የባንክ ዕዳው ናቸው፤ የሞተውንም የሚቀብረው እሱ ነው። ክፍያው ደግሞ ከጎረቤቱ ጋር እያወዳደሩ ነው፤ አንዱ ከፍ ሲል የሌላው ይቀነሳል። እንዲህ ያለ ውል ወደ አገራችን ሲመጣ መልኩ ያማረ ነው፤ ግብዓት ይቀርባል፣ ገበያ ይረጋገጣል ይላል። እኔ የማየው አንዲት መስመር አለችው ወይ ነው፦ 45ኛው ቀን ሁዳዴ ላይ ቢወድቅ ኪሣራው የማን ነው? በዓመት ከ180 ቀን በላይ የሚጾም ሕዝብ ባለበት አገር ይህች መስመር የሌለችበት ውል የተጻፈው ለእኛ አገር አይደለም። የጫጩት ማስፈልፈያዎቹ መርሐ ግብር ከጾሙ አቆጣጠር ጋር ይናበብ ብል ትስቁብኝ ይሆናል። ባሕረ ሐሳብ የሚያውቅ አንድ መሪጌታ ብትጋብዙ ግን የሚመጡትን የሃምሳ ዓመት ሁዳዴ ቁጭ ብሎ ይነግራችኋል።

ስለ ዋጋ መቃወሚያ እንደሚመጣ አውቃለሁ። ላይኑ ከዘገየ ሥጋው ይወደዳል፣ ድሃው አይቀምሰውም። እውነት አለበት። ነገር ግን ርካሹ ሥጋ የት ላይ እንደረከሰ አይቻለሁ፤ የእኔ ሦስት ጣቶች የዚያ ሒሳብ አካል ናቸው፣ ማንም ቆጥሮ አልጻፋቸውም። በእኛ አገር ደግሞ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ይቋቋማል ያለው የደመወዝ ቦርድ ገና ዝቅተኛ ደመወዝ ባልቆረጠበት ጊዜ፣ ለርካሽ ሥጋ የሚከፍለው ማን እንደሚሆን መገመት አያስቸግርም። ከገጠር የመጣች የ19 ዓመት ልጅ ነች።

ይህን ደብዳቤ ስጨርስ የአክስቴ ልጅ ደወለልኝ። ዘንድሮ ተምሯል፤ ጫጩቱን ያዘዘው ፋሲካ 45 ቀን ሲቀረው ነው። ችግሩ፣ ቢሾፍቱ ያለው አርቢ ሁሉ እንዲሁ ተምሯል፤ ሁሉም ዶሮ በአንድ ቀን ይደርሳል። ስለዚህ ከነሕይወታቸው ከመሸጥ አርዶና ገሽልጦ አዲስ አበባ ላሉ ሱቆች ሊያቀርብ ተዋውሏል፤ ሁለት ሺህ ዶሮ፣ ቅዳሜ ሌሊት። ላባ የሚነጩ አራት ልጆች ቀጥሯል፤ አንዷ የጎረቤት ልጅ ነች፣ አሥረኛ ክፍል። ደስ ብሎታል፤ ድምፁ ላይ ያስታውቃል።

ስንት ሰዓት ጀምረው ስንት ሰዓት ይጨርሳሉ አልኩት።

"እስኪያልቅ ነዋ" አለኝ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፤
የቀድሞ ወርች ቆራጭ